ማወቅና መወሰን

ሰው ሊፈጽመው በማይችለው ነገር ይጠየቃልን? ይህ ጥያቄ በዳኞችና በአገር ሽማግሌዎች ፊት ከጥንት ጀምሮ ሲነሣ የኖረ ነው። እጁ የፊጥኝ የታሰረ ሰው ቤቱ ሲቃጠል ቆሞ ቢመለከት «ስለምን አላጠፋህም?» ብሎ የሚወቅሰው አይገኝም፤ እጁ የተፈታው ጎረቤቱ ግን ዝም ብሎ ቢመለከት በአደባባይ ይወቀሳል። ሁለቱም እሳቱን አይተዋል፤ ሁለቱም ውሃ እሳትን እንደሚያጠፋ ያውቃሉ። የሚለያዩት በእጃቸው ነው። ከዚህም የምንረዳው ግዴታ ሁልጊዜ ከችሎታ ጋራ አብሮ የሚሄድ መሆኑን፣ ችሎታ በሌለበትም ግዴታን መጫን ፍርድን ማጣመም መሆኑን ነው።

ይህን የቆየ ጥያቄ ዛሬ ያነሣነው፣ አገራችን ከኤች አይ ቪ ጋራ በምታደርገው ትግል ውስጥ መልሱ ሳይሰጥ የቆየ አንድ ጉዳይ ስላለ ነው። ባለፉት ዐሥርተ ዓመታት ሕዝቡ በሬዲዮና በቴሌቪዥን፣ በትምህርት ቤትና በዕድር፣ በቤተ ክርስቲያንና በመስጊድ «ተጠንቀቅ» ሲባል ቆይቷል። ምክሩ መልካም ነበር፤ ብዙ ነፍስም አድኗል። ነገር ግን ምክሩን የሰሙት ሁሉ ምክሩን ለመፈጸም እኩል ሥልጣን ነበራቸውን ብለን ስንጠይቅ፣ መልሱ በወንዱና በሴቲቱ መካከል ተከፍሎ እናገኘዋለን።

አማርኛችን ለዚህ ነገር የሚስማሙ ሁለት ምሳሌያዊ አነጋገሮች አሉት። አንደኛው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላል። ሁለተኛው «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» ይላል። የመጀመሪያው ሰውን ሁሉ ወደ ሐኪም ቤት ይጠራል፤ ሁለተኛው ደግሞ ከተጠሩት መካከል እኩሌታዎቹን ከደጃፉ ይመልሳቸዋል። አንዲት ሴት ሁለቱን አብራ ልትታዘዝ አትችልም። ደዌዋን ገልጣ መድኃኒት ትፈልግ ዘንድ በራሷ ጉዳይ ቈራጭ መሆን አለባት፤ ቈራጩ ሌላ ከሆነ ግን ዕውቀቷ ፍሬ ሳያፈራ ይቀራል።

ነገሩን በሐሳብ ብቻ እንዳናስቀረው ወደ አንድ የታወቀ ስፍራ እንውሰደው። ከአዲስ አበባ በስተ ሰሜንና በስተ ሰሜን ምሥራቅ፣ ከየካ ክፍለ ከተማ በላይ፣ ባሕር ዛፍ የለበሰው የእንጦጦ ሰንሰለት ይታያል፤ ከፍታውም እስከ 3,200 ሜትር ገደማ ይደርሳል። ጣይቱ ብጡል የእቴጌነትን ዘውድ የደፉት በጥቅምት ወር 1882 ዓ.ም. በዚሁ ተራራ ላይ፣ በእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ነው። አስቀድመውም ወደ ፍል ውሃ ወርደው ለአዲሲቱ ከተማ ስም ያወጡላት፣ በኋላም በ1888 ዓ.ም. በመቀሌ የመሸገው ጠላት የሚጠጣው ውሃ እንዲያዝበት መላ ያቀረቡ እርሳቸው ናቸው። በታላቁ የአገር ጉዳይ ላይ ዐውቃ የወሰነች ሴት በዚህ ተራራ ላይ እንደ ነበረች ታሪክ ይመሰክራል።

በዚያው ተራራ ላይ ታሪክ ስማቸውን ያልጻፈላቸው ሌሎች ሴቶችም ነበሩ። ባሕር ዛፍ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ከውጭ አገር መጥቶ ኮረብታውን ከሸፈነው ወዲህ፣ ለብዙ ዘመን የከተማው ምድጃ ሲነድ የኖረው ድኆች ሴቶችና ልጃገረዶች በጀርባቸው ተሸክመው ባወረዱት ጭራሮና ቅጠል ነው። ሸክሙ ሠላሳ ኪሎና ከዚያም በላይ ይመዝን ነበር። ከሸክሙም የከፋ የመንገዱ ነገር ነበረ፤ በጫካው ውስጥ ድብደባ፣ የለቀሙትን እንጨት መነጠቅ፣ መደፈርም ይደርስባቸው እንደ ነበር ኑሮአቸውን ያጠኑ ሰዎች መዝግበዋል። የቀድሞ እንጨት ተሸካሚ ሴቶች ተሰባስበው በሽመናና ይህን በመሰለ ሥራ ይተዳደሩ ዘንድ በእንጦጦ ግርጌ ማኅበር የተቋቋመላቸውም ከዚህ የተነሣ ነው።

እንግዲህ እንዲህ ያለችውን ሴት በዐይነ ኅሊናችን እንመልከታት። ጎሕ ሳይቀድ ከቤቷ ወጥታ አቀበቱን የምትያያዘው፣ ባትሄድ ልጆቿ ጦማቸውን ስለሚያድሩ ነው። በመንገድ ላይ ምን ሊያጋጥማት እንደሚችል ከመካሪዋ ይልቅ እርሷ ታውቀዋለች። «ተጠንቀቂ» የሚለው ቃል ለእርሷ አዲስ ዕውቀት አይጨምርላትም፤ አደጋው በደረሰባት ጊዜ ግን «ተነግሮሽ አልነበረምን?» የሚባልበት ማስረጃ ይሆንባታል። ምክር ያለ ሥልጣን ሲሰጥ እንዲህ ወደ ወቀሳ ይለወጣል።

ቁጥሩም ይህንኑ ይናገራል። በ1997 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ በተደረገው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆናቸው መካከል ቫይረሱ የተገኘባቸው ሴቶች ከመቶ 1.9፣ ወንዶች ከመቶ 0.9 ነበሩ። በከተሞች ብቻ ሲታይ ሴቶቹ ከመቶ 7.7፣ ወንዶቹ ከመቶ 2.4 ሆነው ተገኙ። በ2008 ዓ.ም. እንደ ገና ሲጠና መጠኑ ቀንሶ ሴቶቹ ከመቶ 1.2፣ ወንዶቹ ከመቶ 0.6 ሆኑ። በሽታው መቀነሱ ደስ የሚያሰኝ ነው፤ ይሁን እንጂ ሴቶቹ በፊትም በኋላም የወንዶቹን እጥፍ ያህል መሆናቸውን ልብ እንላለን።

አንዳንድ ሰው ይህ የተፈጥሮ ነገር ነው ሊል ይችላል። እርግጥ ነው፣ በግብረ ሥጋ ግንኙነት ጊዜ ቫይረሱ ከወንድ ወደ ሴት የሚተላለፍበት ዕድል ከሴት ወደ ወንድ ከሚተላለፍበት እንደሚበልጥ የሕክምና ሊቃውንት ያስረዳሉ። ነገር ግን ተፈጥሮ በየስፍራው አንድ ስትሆን፣ ልዩነቱ በከተማ ከሦስት እጥፍ በላይ ሆኖ መገኘቱ ከተፈጥሮ ሌላ ምክንያት እንዳለ ያመለክታል። ምክንያቱንም ስንፈልግ ወደ ሰው ሥራ እንመጣለን። የዓለም ጤና ድርጅት በብዙ አገሮች አስጠንቶ እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጣው ዘገባ፣ በቡታጅራ አካባቢ ከተጠየቁት ሴቶች መካከል ከመቶ 71 የሚሆኑት በዕድሜያቸው አንድ ጊዜ እንኳ በባላቸው ወይም በወዳጃቸው እጅ የአካል ወይም የወሲብ ጥቃት እንደ ደረሰባቸው ተናግረዋል። የምትደበደብ ሴት ስለ ጤንነቷ ከደብዳቢዋ ጋራ እኩል ተቀምጣ ልትመክር አትችልም።

አሁን ደግሞ ምክሩን ራሱን እንመርምር። ለሕዝብ ሲነገር የቆየው ትምህርት በሦስት ቃላት የተጠቃለለ ነበር፤ እነርሱም መታቀብ፣ መወሰን፣ መጠቀም ናቸው። የሦስቱም መነሻ ፊደል አንድ በመሆኑ የ«መ» ሕጎች ተባሉ። የሰዋስው መምህራን እንደሚያስተምሩን እንዲህ ያለው ቃል ንዑስ አንቀጽ ነው፤ ድርጊቱን ይናገራል እንጂ አድራጊው ወንድ ይሁን ሴት፣ አንድ ይሁን ብዙ አይለይም። ባለቤቱ የሚታወቀው ግሡ ሲዘረዘር ነው፤ ለወንድ «ታቀብ»፣ ለሴት «ታቀቢ» ይባላል። ሕጎቹ ግን ሳይዘረዘሩ ተነገሩ፤ ሳይዘረዘሩም በመነገራቸው ለሁሉ እኩል የተሰጡ መሰሉ። እስቲ እኛ እንዘርዝራቸው።

መታቀብን ለሴቲቱ ስንዘረዝረው «ታቀቢ» ይሆናል። ይህ ቃል የሚጠቅመው እንቢ ስትል እንቢታዋ ለሚከበርላት ሴት ነው። በልጅነቷ ለተዳረች፣ በመንገድ ለተጠለፈች፣ በተቀጠረችበት ቤት በጌታዋ ለተደፈረች ግን ይህ ትእዛዝ ከቅጥሯ ውጭ ቆሞ የሚጮኽ ድምፅ ነው። መጠቀም የሚለውን ስንዘረዝር ደግሞ ቃሉ ራሱ ይለወጥብናል። ኮንዶም በአብዛኛው የሚውለው በወንዱ ሰውነት ላይ ነውና፣ ለሴቲቱ ጉዳዩ «ማስጠቀም» ይሆናል። ይህንም ለማስጠቀም መለመን፣ መከራከር፣ «ስለምን አታምኚኝም?» ወይም «ከወዴት ለመድሽው?» ለሚለው ጥያቄ መልስ መስጠት አለባት። ዛሬ በሷ እጅ የሚውሉ መከላከያዎች መታወቃቸው መልካም ነው፤ ዳሩ ግን እነርሱም ቢሆኑ ተሸሽገው የሚዋጡ ከሆነ ነፃነት አላስገኙም።

መወሰን የሚለው መካከለኛው ቃል ግን ከሁሉ ይልቅ ያስተምረናል። ይህ ቃል ሲጻፍ አንድ፣ ሲነበብ ሁለት ነው። «ወ» ሲጠብቅ በአንድ ወሰን ውስጥ መቆየት፣ በአንድ ሰው መጽናት ማለት ነው፤ «ወ» ሲላላ ደግሞ ቈርጦ መፍረድ፣ ሥልጣን ይዞ ነገርን መጨረስ ማለት ነው። የአገራችን ሴት ስትታዘዝ የኖረችው ጠብቆ በሚነበበው ነው። ላልቶ የሚነበበው ለባሏ ወይም ለአባቷ ተትቷል። ይኸውም ሕጉን ፈጽማ እንኳ ሕጉ ሳይጠብቃት እንዲቀር አድርጓል፤ በአንድ ባሏ ጸንታ የኖረች ስንት ሴት፣ ባሏ ሳይጸና በመቅረቱ በራሷ ቤት ውስጥ ታማለች! ታማኝነትም ቢሆን ሰው መርጦ ሲጸናበት ነው ምግባር የሚሆነው፤ የማይመርጥ ሰው በአጥር ውስጥ ቢገኝ አጥሩ ጠንካራ መሆኑን ያሳያል እንጂ የሰውየውን ምግባር አያሳይም።

የማወቅና የመወሰን መለያየት ጉዳቱ ጎልቶ የሚታየው በእርጉዞች ምርመራ ጊዜ ነው። እናት ቫይረሱ በደሟ እያለ ምንም ርዳታ ባታገኝ፣ ወደ ልጇ የሚተላለፍበት ዕድል ከመቶ ከ15 እስከ 45 ይደርሳል፤ መድኃኒቱን በሚገባ ብትወስድ ግን ከመቶ ከ5 በታች ይሆናል። ስለዚህ በየጤና ጣቢያው ለእርግዝና ክትትል የመጣችውን ሴት መመርመር ተገቢና ድንቅ ሥራ ነው። ይሁን እንጂ ከዚህ የተነሣ በብዙ ቤት ውስጥ ስለ በሽታው መጀመሪያ የምትሰማው ሚስቲቱ ትሆናለች። ባልየው ገና አልተመረመረም። ቀድማ ያወቀችውም ቀድማ እንዳመጣችው ትቈጠራለች፤ ወሬውን ይዛ ወደ ቤቷ ስትመለስ ተከሳሽ ሆና ትመለሳለች። ከዚያ በኋላ የሚጠብቃት ወይ መባረር ነው፣ ወይ ዱላ ነው፣ ወይ ምስጢሩን ይዞ መኖር ነው።

በዚህ ላይ አንድ ከባድ የኅሊና ጥያቄ ይነሣል። እርሷን የመረመርናት ስለ ራሷ ነውን ወይስ ስለ ፅንሱ? ልጁ ከዳነ በኋላ እናቲቱ ከቤቷ ተባርራ በሰው ደጅ ብትወድቅና እኛም ሥራችን እንደ ተሳካ አድርገን በዘገባችን ላይ ብንጽፍ፣ ሰውን እንደ ድልድይ ተሻግረንበት ሄደናል ማለት ነው። ልጁን ማዳን ቅዱስ ተግባር ነው፤ እናቱን ግን የማዳኛ መሣሪያ ብቻ አድርጎ መመልከት የሰውን ክብር ይነካል። ደግሞም ልጁ የሚያድገው በእርሷ እጅ ስለሆነ፣ የእርሷ መውደቅ ለእርሱም ይተርፈዋል።

ምስጢሩን ይዛ የምትኖረውም ብትሆን አልዳነችም። የቫይረሱ መድኃኒት በየዕለቱ በሰዓቱ የሚወሰድ ነው። ዕለት ሳያጓድል የወሰደ ሰው በደሙ ውስጥ ያለው ቫይረስ በመሣሪያ እስከማይታይ ድረስ ይቀንሳል፤ በዚህም ደረጃ የደረሰ ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ወደ ሌላው እንደማያስተላልፍ ሳይንስ ዛሬ አረጋግጧል። ነገር ግን ክኒኑን በጤፍ ጎታ ውስጥ የምትሸሽግ ሴት፣ ባሏ በቤት በዋለበት ቀን ሰዓቱ ያልፋታል። በአገራችን መድኃኒቱ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በነፃ ይሰጣል። በነፃ መሰጠቱ የገንዘብን መሰናክል አንሥቷል፤ የፍርሃትን መሰናክል ግን ፋርማሲ አያነሣውም።

እንጦጦ በዚህም ረገድ የሚያስተምረን ነገር አለ። በእንጦጦ ማርያም ጠበል ለመጠመቅ ከአገሪቱ ማዕዘናት ብዙ ሕሙማን መጥተው በቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ በጭቃ ጎጆ ተከራይተው ይኖሩ ነበር። ከእነርሱ መካከል ከቤታቸው የተባረሩ፣ ዘመድ የካዳቸውም ነበሩ። ብዙዎቹም መድኃኒት መዋጥ እምነትን ማጉደል መስሎአቸው ከሁለቱ አንዱን ለመተው ይጨነቁ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 ፓትርያርኩ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ጠበሉና መድኃኒቱ አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ፣ ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታዎች እንደሆኑ በይፋ አስታወቁ። ይህ ቃል አዲስ መድኃኒት አልፈጠረም፤ በሕሙማኑ እጅ ላይ የነበረውን አንዱን እስራት ግን ፈታ። ሥልጣንና ክብር ያለው ሰው በጊዜው የተናገረው ቃል ምን ያህል ኃይል እንዳለው ከዚህ እንማራለን። ስለ ጠበልና ስለ መድኃኒት የተነገረው ያህል፣ ስለ ባልና ሚስት እኩልነትም ከየዐውደ ምሕረቱና ከየመስጊዱ፣ ከየቢሮውና ከየሽማግሌው ጉባኤ ቢነገር ስንት እጅ በተፈታ ነበር!

ሕጉስ ምን ይላል? የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ ራስ አድርጎ ነበር፤ የጋብቻንም ዕድሜ ለወንድ 18፣ ለሴት 15 ዓመት ብሎ ወስኖ ነበር። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 ሴቶች በጋብቻ ውስጥ ከወንዶች ጋራ እኩል መብት እንዳላቸው ደነገገ። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግም የጋብቻን ዕድሜ ለሁለቱም 18 አደረገ፤ የቤቱንም አስተዳደር ለሁለቱ በእኩልነት ሰጠ። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ፣ ጠላፊ የጠለፋትን ልጅ ቢያገባ ከቅጣት ያድነው የነበረውን የቀድሞውን ሕግ ሻረ። እነዚህ ሁሉ ታላላቅ እርምጃዎች ናቸው። ይሁን እንጂ ይኸው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 620 መድፈርን ሲተረጉም «ከጋብቻ ውጭ» የሚል ቃል አግብቶበታል። እንግዲህ ሴቲቱን በትዳርሽ ተወሰኚ ብለን ስንመክራት፣ እንቢ ብትል ሕግ በግልጽ ወደማይደርስላት ክፍል ውስጥ ማስገባታችን ነውና ይህን ነገር ሕግ ዐዋቂዎቻችን ደግመው ደጋግመው ሊያስቡበት ይገባል።

ደግሞም ሕግ በወረቀት ላይ ሲቀድም ልማድ በቤት ውስጥ ወደ ኋላ ይቀራል። ሚስት ምግብ ብታሳርር፣ ሳታስፈቅድ ብትወጣ፣ ወይም በሌላ ይህን በመሰለ ምክንያት ባል ቢመታት ተገቢ ነው ያሉ ሴቶች በ1997 ዓ.ም. ጥናት ከመቶ 81፣ ወንዶች ከመቶ 52 ነበሩ። በ2008 ዓ.ም. ሴቶቹ ወደ 63፣ ወንዶቹ ወደ 28 ወረዱ። ልማድ የማይነቃነቅ ዐለት አለመሆኑን ይህ ያስረዳል። ነገር ግን ከመቺዎቹ ይልቅ የሚመቱት መመታትን የደገፉበት ምክንያት ምን ይሆን? እኛ እንደሚመስለን፣ መወሰን የተከለከለ ሰው በብዙ ጊዜ ክልከላውን እንደ ጠባዩ አድርጎ ስለሚለምደው ነው። እንግዲያውስ እኩልነት በዐዋጅ ብቻ የሚደርስ አይደለም፤ በትምህርትም በአእምሮ ውስጥ መተከል አለበት።

በዚህ አሳብ ላይ ተቃውሞ የሚያቀርቡ ሰዎች አሉ፤ ልንንቃቸውም አይገባም። አንዳንዶቹ «የሴትና የወንድ እኩልነት ከውጭ የመጣ፣ ቤትን የሚያፈርስ ትምህርት ነው» ይላሉ። ለእነዚህ የምንመልሰው ከራሳችን መጻሕፍት ነው። የደራሲው ማንነት በሊቃውንት ዘንድ ቢያከራክርም፣ በ17ኛው መቶ ዓመት እንደኖረ የሚነገርለት የዘርአ ያዕቆብ ሐተታ በግእዝ የተጻፈ የአገራችን መጽሐፍ ነው። በዚያም ውስጥ ጸሐፊው በጌታው ቤት አገልጋይ የነበረችውን ኂሩትን ሊያገባ በወደደ ጊዜ፣ ባልና ሚስት በጋብቻ እኩል ናቸውና ከእንግዲህ አገልጋይ ልትባል አይገባም ብሎ ሲከራከር እናገኘዋለን። ቤትንም የሚያፈርሰው አንዱ የሚያውቀውን ለሌላው መናገር የማይችልበት ፍርሃት ነው እንጂ የሁለቱ ተማክሮ መኖር አይደለም።

ሌሎች ደግሞ «ወንዱስ አይታመምምን? አይሞትምን?» ይላሉ። አዎን፣ ይታመማል፤ ይሞታልም። በዓለም ዙሪያ እንደታየው ወንዶች ከሴቶች ያነሰ ይመረመራሉ፤ ዘግይተውም መድኃኒት ይጀምራሉ። ይህም ከዚያው ከአንዱ ሥር የበቀለ ነው። «ወንድ ልጅ አይፈራም፣ ሕመሙን አይናገርም» ተብሎ ያደገ ሰው በጤና ጣቢያ በር ላይ ለመሰለፍ ያፍራል። ሁሉን እንዲወስን የተሰጠው ሰው ማወቅን ይሸሻል፤ ማወቅ የቻለችውም መወሰን ተነፍጋለች። ስለዚህ እኩልነት ለሴቲቱ መወሰንን ሲሰጥ ለወንዱ ደግሞ የማወቅን ድፍረት ይሰጠዋል። ሁለቱ አብረው ተመርምረው ውጤቱን አብረው ቢሰሙ፣ ቀድሞ ያወቀ ስለማይኖር ቀድሞ ያመጣ ተብሎ የሚከሰስ አይኖርም። አብሮ መመርመሩ ግን በሴቲቱ ፈቃድ መሆን አለበት፤ ባሏን የምትፈራ ሴት ብቻዋን ልትሰማ መብት አላት።

ሦስተኛው ተቃውሞ «ሴቲቱ አቅም የላትም ካላችሁ ከኃላፊነት ሁሉ ነፃ አደረጋችኋት» የሚል ነው። ይህ ቁም ነገር ያለው ተቃውሞ ነው። መልሳችንም ከመጀመሪያው አነጋገራችን የሚወጣ ነው፤ ግዴታ ከችሎታ ጋራ የሚሄድ ከሆነ፣ ችሎታ የተሰጠው ሰው ግዴታውም አብሮ ይመጣበታል። ሴቲቱን ኃላፊ ልናደርጋት ብንወድ መንገዱ አንድ ነው፤ እርሱም የመወሰንን ሥልጣን መስጠት ነው። ያን ጊዜ እርሷም ራሷን፣ ባሏንና ልጇን ስለ መጠበቅ በሙሉ ሰውነቷ ትጠየቃለች። ለዘለዓለም ጥገኛ አድርጎ ማዘን ግን ክብሯን አይመልስላትም።

በተግባር ምን ይደረግ ለሚለው፣ የሌሎች አገሮች ልምድ ጥቂት ብርሃን ይሰጠናል። በደቡብ አፍሪካ በሊምፖፖ ክፍለ ሀገር ለድኆች ሴቶች ብድርና ስለ ሴትና ወንድ ግንኙነት ትምህርት አንድ ላይ ተሰጥቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው ጥናት በባሎችና በወዳጆች የሚደርሰው ጥቃት ከእኩሌታ በላይ እንደ ቀነሰ አሳይቷል። ይኸው ጥናት በአካባቢው ወጣቶች ዘንድ አዲስ የቫይረስ መተላለፍን እንዳልቀነሰም በግልጽ አስታውቋል። ከዚህ የምንማረው ገንዘብ የሴቲቱን ትከሻ ቢያቀናም በሽታውን ብቻውን እንደማያቆመው ነው። በኡጋንዳ ካምፓላ ደግሞ ወንዶችም ሴቶችም አብረው ስለ ሥልጣን አጠቃቀም በየሰፈራቸው እንዲወያዩ ተደርጎ፣ እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣው ጥናት የአካል ጥቃቱ ውይይቱ ካልደረሰባቸው ሰፈሮች በእኩሌታ ያህል አንሶ ተገኝቷል። እንጀራዋም፣ ሕጉም፣ የወንዱም አስተሳሰብ አንድ ላይ መነካት አለባቸው።

ስለዚህ በመሥሪያ ቤት ያለን ሰዎች የኤች አይ ቪ ዕቅድ ስናወጣ፣ የሴቶችን ጉዳይ በመጨረሻው ገጽ ላይ እንደ ምርቃት የሚጨመር አድርገን ከመቍጠር እንጠበቅ። «ስንት ሰው ተመረመረ?» ብለን ስንጠይቅ «ከተመረመሩት ሴቶች ስንቶቹ በሰላም ወደ ቤታቸው ተመለሱ?» ብለንም እንጠይቅ። በ2017 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ርዳታውን በድንገት ባገደ ጊዜ እንዳየነው፣ የባዕድ ገንዘብ ለዘለቄታው የሚያስተማምን አይደለም። ገንዘብ ሲያንስም ክኒኑን አስቀርቶ ምክሩንና መጠለያውን፣ የሕግ ርዳታውንና የእናቶችን ማኅበር መቍረጥ የሚቀል ይመስላል። ይህ ግን ቤቱን ትቶ ጣሪያውን ብቻ እንደ መጠገን ነው።

መምህራንም ስለ ቫይረሱ ሲያስተምሩ የ«መ» ሕጎችን ለተማሪዎቻቸው ይዘርዝሩላቸው፤ ለሴቷም ለወንዱም ምን ማለት እንደሆነ በክፍል ውስጥ ያከራክሩአቸው። ተማሪዎችም፣ ይልቁንም ወንዶቹ፣ እኅቶቻቸው እንቢ ሲሉ እንቢታቸውን ማክበር ከሁሉ የሚቀድም ጥንቃቄ መሆኑን ይወቁ።

የእንጦጦን አቀበት ለብዙ ዘመን ሲወጡና ሲወርዱ የኖሩት ሴቶች ከተማችንን አሙቀዋል፤ እንጀራችንም በነርሱ ሸክም በስሏል። ለነርሱና ለልጆቻቸው የምንከፍለው ዕዳ አለብን። መድኃኒቱ በየጤና ጣቢያው ሲሰጥ፣ ሕጉም በነጋሪት ጋዜጣ ከወጣ ብዙ ዓመት ሆኖታል። የቀረው ዐውቃ የመጣችው ሴት ወስና እንድትሄድ መፍቀድ ነው፤ ይህም ከእያንዳንዳችን ቤት ይጀመር ዘንድ እናሳስባለን።